ጥፍር የመሰከረለት ደን

ስንዴ በሚታፈስበት ሮቤ ያደግኩ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ቅጠል የሌለው ዛፍ የሞተ ዛፍ ነው፤ ይቆረጣል፣ አለቀ። ከጎሮ በታች፣ ወደ ሼክ ሁሴን በሚወስደው መንገድ ካለ መንደር ሳገባ ይህንኑ ዕውቀቴን ይዤ ወረድኩ።

በመጀመሪያው በጋ ማገዶ ለቀማ ወጣሁ። ደኑ ሁሉ አመድ መስሎ ቆሟል። ‘ይህን ሁሉ ደረቅ እንጨት ትተው ሩቅ የሚሄዱት ምን ዓይነት ጥጋብ ነው?’ ብዬ አንዱን ቆርጬ ገባሁ። አልነድም አለ፤ ቤቱን በጭስ ሞላው። አማቴ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁብኝ። “አዬ የስንዴ አገር ልጅ!”

ከዚያ እጄን ይዘው ከጉቶው ዘንድ ወሰዱኝ። ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

“ሙክኒ ኩን ሂን ዱኔ” አሉ። ይህ ዛፍ አልሞተም ማለታቸው ነው። “ቅጠሉን አራግፎ ዝናብ ይጠብቃል። ከጉቶው ካላቆጠቆጠ ወንጀሉ ባንቺ ነው።”

አፈርኩ። ያ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ደኑን እሳቸውን እየተከተልኩ ተማርኩ። ከላይ ወይራና ጽድ፣ ዝቅ ሲሉ ግራር፣ ከዚያም በታች በጋ ሲገባ ራቁቱን የሚቀረው ዛፍ። በልጅነታቸው ሣር ብቻ የነበረውን ሜዳ እሾህ ውጦታል። ድሮ በረት የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ሣሩ ከሁሉ ቀድሞ ይበቅላል። ደኑ ተለዋውጧል፤ መለዋወጥ ግን መሞት አይደለም።

ባለፈው በጋ ካርታ የያዘ የመንግሥት ባለሙያ መጥቶ ሰዉን ደኑ ዳር ሰበሰበ። ደኑ ተመንጥሮ በትራክተር ስንዴ ይዘራበታል አለን። ደኑ ከሄደ ፍየሎቻችን በበጋ የሚቀነጥቡት፣ ቀፏችንም የሚሰቀልበት የለም። መጻፍ ስለምችል ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

“ጻፊ፤ ዛፉ የሞተ፣ መሬቱ ባዶ” አለኝ።

አንድ ጎረቤቴ “ጻፊለት፣ ኋላ አቤት እንላለን” ብሎ አንሾካሾከ። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ እንደሚቸግር አላጣሁትም። ስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

“አልጽፍም። ይምጡ ላሳይዎት።”

አጠገባችን ያለውን ዛፍ በጥፍሬ ፋቅኩት። አረንጓዴ።

“ይሄ አንድ ዛፍ ነው” አለ።

ሁለተኛውን ፋቅኩ። ሦስተኛውን። አማቴ በምርኩዛቸው ቀጣዩን ይጠቁሙኛል፣ ሰዉ ከኋላ ይከተለናል። ያናደደኝ እኔ በአንድ ዛፍ ላይ የፈረድኩትን የተሳሳተ ፍርድ ይህ ሰው በደኑ ሁሉ ላይ ሊፈርድ መምጣቱ ነበር። ጥፍሬ ተሰብሮ እስኪደማ ሄድኩ።

ተመልሼ “ደኑ በሕይወት አለ” ብዬ ጻፍኩ። ሰዉ ሁሉ ፈረመበት። አማቴ ያንኑ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት።

ባለሙያው “በሚቀጥለው በጋ እመለሳለሁ” ብሎ ሄደ።

ይመለስ። ጥፍሬ አድጓል።