ጽዋዋን ወደው እሷን የተጸየፉ

ያቺ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ምራቄን እተፋለሁ። ቱ!

ሔዋን እዚሁ መርሳ ከተማ ሸክላ ስትሠራ ያረጀች ሴት ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ድስቱ፣ ጋኑ፣ እንስራው፣ እኛ ቤት ያለው ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ጎረቤታችን ግራና ከተማ ገበያ ስታወርደው ገዢ ይሻማበታል። ሠርግ ላይ ግን ምግቧን የሚሰጧት ከአጥር ውጭ ነው፤ «ቡዳ ናት» ብለው። የሰፈር ሕፃን በታመመ ቁጥር ስሟ ይነሳል። እሷም ለምዳው፣ መንገድ ላይ የታዘለ ልጅ ካየች ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ታልፋለች። በድስቷ የተሠራ ወጥ እጅ እያስላሰ ሠሪዋ ታስጠላለች። የእኛ ሰው እንግዲህ ይኼ ነው!

አምና የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ጽዋ ተሰበረ። በየወሩ ካንዱ ማኅበርተኛ ቤት ተሰብስበን፣ ጸሎት ሲደርስ ሁላችንም ከዚያው ከአንዱ ሸክላ በየተራ እንጎነጫለን። ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይዞት ይሄዳል። ሙሴ የምንለው የማኅበሩ መሪ፣ አቶ ንጉሴ፣ ሔዋንን አዲስ ጽዋ ሥሪልን አላት። ሠራች። ዋጋውን ሲጠይቃት፣ «ዋጋዬ ማኅበሩ ውስጥ መግባት ነው። ከሰው ጋር ካንድ ጽዋ ጠጥቼ ልሙት» አለችው።

«ምን ችግር አለው! ነይ እንጂ» አለ ንጉሴ። ካፉስ መቼም ማር ይንጠባጠባል።

ተራው የራሱ የንጉሴ ነበር። ሔዋን ነጠላዋን አጥባ፣ ቅቤ ተቀብታ መጣች። መምሬ አበባው ስለ ሳምራዊቷ ሴት ወንጌል አነበቡ። ጌታችን ደክሞት ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ወገኖቹ ዕቃዋን እንኳ የማይነኩላትን ሴት «ውሃ አጠጪኝ» ያላትን። «ልብ በሉ፣ መቅጃ አልያዘም። ሊጠጣ ያሰበው በእሷው እንስራ ነው» አሉን መምሬ። ንጉሴ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ሚስቱ ዘነበች እንባዋን ትጠርጋለች።

እንባዋ ሳይደርቅ ምን አደረገች? ጽዋው ዞሮ ዞሮ በሩ ሥር ከተቀመጠችው ከሔዋን ሊደርስ ሲል ከመሃል ነጠቀችው። ከጓዳ ያቺን ቀይ ኩባያ አምጥታ ጠላ ቀዳችና፣ እጇ እንዳይነካት መሬት ላይ አስቀመጠችላት። ሔዋን ኩባያዋን አየቻት። ቀና ብላ ደግሞ የሠራችውን ጽዋ አየች። ከዚያ ጠጣች። ምን ታድርግ! ዘነበች ባዶዋን ኩባያ በጨርቅ ይዛ ቆሻሻው ላይ ወረወረቻት።

«ምነው ዘነበች፣ ጽዋውን የሠራችው በእግሯ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ቃልኪዳን! ልጆች አሉኝ እኮ» አለችኝ አፍንጫዋን ነፍታ። ንጉሴ መሬት መሬቱን ያያል። መምሬም አቀርቅረው ወንጌላቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ ያን ቀን እሳቸውንም ጠላኋቸው። እነዚህ ሰዎች እኮ አሁን ለሳምራዊቷ ሲያለቅሱ ነበር!

ቀጣዩ ተራ የእኔ ነውና ጽዋውን አቅፌ ተነሳሁ። «በእኔ ቤት ኩባያ የሚባል የለም። ሔዋን ከዚሁ ጽዋ ትጠጣለች። የሚቀፈው ይቅር» አልኳቸው።

ቀሩ። ማኅበርተኛው እንዳለ ቀረ! ዳቦው እንደተቆለለ፣ ጠላው እንደሞላ፣ ወንበሩ ባዶውን። ሔዋን ብቻ መጣች፤ ቆይተው መምሬ አበባው በከዘራቸው እያነከሱ ደረሱ። ጽዋውን ባርከው ለእሷ ዘረጉላት።

«አንቱ ይቅደሙ እንጂ አባቴ» አለች።

«የለም። ጠጪና አንቺው አጠጪኝ» አሏት።

በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። እሳቸውም ከእጇ ተቀብለው ጠጡ፤ እኔም ጠጣሁ። ስትወጣ፣ «ቀጣዩ ተራ የማን ነው?» ብትለኝ፣ «ያንቺ ነዋ!» ብዬ ጽዋውን አስታቀፍኳት። ነጠላዋን ጣል አድርጋበት ወደ ቤቷ ሄደች።

በሳምንቱ ንጉሴ ሰው ላከብኝ። ማኅበርተኛው ሊሰበሰብ ነውና ጽዋችንን መልሺ ይላል። ዓይን አውጣ!

«ጽዋው ከሔዋን ቤት ነው» አልኩት የተላከውን። «በሯ አይዘጋም፤ ገብታችሁ ውሰዱ።»

ይኸው ክረምቱ ገባ። እስካሁን ከእነሱ ደጇን የረገጠ የለም።