ሩዝ ያበቀለችው ላም

እርጥብ ዋልካ ሲሸተኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ጥቁሩን አፈር ሲያርሰው ሌላው ሰው ደስ ብሎት ደጅ ይወጣል፤ እኔ ግን ያ ሽታ ገና ከበር ሲገባ አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፣ ለእሷም እስከ ዛሬ አንድ ደግ ነገር ተመኝቼላት አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ከምሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ቤት እብቅ በእብቅ ሆኜ ስመለስ የእህቴ ልጅ ሐና ደጃፉ ላይ ተንበርክካ፣ በፌስታል ያመጣችውን ዋልካ እስከ ክርኗ እያቦካች አገኘኋት።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጭቃ?"

"ለሥነ ውበት ነው" አለችኝ ቀና ሳትል። "ቲቸር ሰብለ ሁላችሁም ከጭቃ አንድ ነገር ሠርታችሁ ሰኞ አምጡ፣ ዓርብ እንግዳ ይመጣል፣ እስከዚያ እርጥብ ጨርቅ እናለብሰዋለን ብላናለች።"

ጭቃ፣ እንግዳ፣ ሰብለ። እብቁን ከራሴ ላይ ሳላራግፍ እዚያው ቁጭ አልኩ።

የዛሬዋ ቲቸር ሰብለ ያኔ እንደ ሐና አራተኛ ክፍል፣ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ፣ ነጭ ካልሲ አድርጋ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እኛ የገበሬ ልጆች ጭቃውን እስከ ጉልበታችን ተጫምተን ስንገባ እሷ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ቤታቸው ተነስታ ንጹሕ ሆና ትመጣለች። አባቷ ግቢ ሙሉ የሚከራይ ክፍል ነበረው፤ ከክፍሎቹ አንዷን የተከራየው ደግሞ የእኛው መምህር ነው። ክፍላችን ጭድ በበዛበት ጭቃ የተመረገ፣ አንዲት መስኮት ያለው ቤት ሲሆን ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የመምህሩ አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እኛም የሰማን ለመምሰል ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ከእርጥብ ሹራባችን የሚወጣው እንፋሎት ከጠመኔው ብናኝ ጋር ተደባልቆ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እንግዲህ በዚያ ክፍል ነው መምህሩ አንድ ዓርብ "ከጭቃ ሠርታችሁ ኑ፣ የሚመጣው ዓርብ እንግዶች አሉብን" ያለን።

እኔ ሻሽቱን ሠራኋት። ሻሽቱ ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ሲሞላ ማጥ ውስጥ ገብታ፣ ሰው ሁሉ ቢጎትታት እምቢ ብላ የቀረች ላማችን ናት። ሻኛዋን፣ ስትራመድ የሚወዛወዘውን እንጥልጥል የአንገቷን ቆዳ፣ እነዚያን አጫጭር ቀንዶቿን ዓይኔን ጨፍኜም አውቃቸው ስለነበር ጣቶቼ ራሳቸው ሄደው ሠሯት። መደቡ ላይ አስቀምጫት ሳለ አባቴ ከማሳ ገባ፣ መቆፈሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመና "ሻሽቱ!" አለ። ማንም አልነገረውም። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ምንም ነገር እንደዚያ አድርጎ አላመሰገነኝም።

ሰኞ ሁላችንም የሠራነውን ከሰሌዳው ሥር ደረደርን። በማግስቱ መምህሩ ስም የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ይዞ መጣና በየሥራው ፊት አቆመ። ላሜ ፊት "ሰብለ" የሚል ቆመ። እጀታው የተገነጠለ፣ ሰብለ ያመጣችው ስኒ ፊት ደግሞ "እናኑ" የሚል፣ የኔ ስም።

"ቲቸር፣ ላሟ የኔ ናት" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለኝ፣ ያውም ሳያፍር። "እንግዶቹ ሲጠይቁ ማን ያስረዳል? አንቺ ስምሽን ሲሉሽ እንኳ ጣራ ጣራ ታያለሽ። ሰብለ ትናገርልሻለች።"

"ትናገር፣ ግን እኔ ነኝ የሠራሁት!"

ሰብለ ዞር አለች። "ምን ያስጮህሻል? ላም እንደሆነ እናንተ ጋ ሞልቷል፣ ሌላ ሥሪ።"

"በእናንተ ግቢ ሲሚንቶ እንጂ ጭቃ የት አለና ነው ደግሞ አንቺ ላም የምትሠሪው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም ጆሮዬን ተጠመዘዝኩ። ሲጠመዝዘኝ አላለቀስኩም፤ የማስበው ሌላ ነገር ነበር።

ያን ሰሞን አባቴ ለዘር የነከረው ሩዝ በጆንያ ታፍኖ ማጎንቆል ጀምሮ ነበር። በምሳ ሰዓት ወደ ቤት በረርኩና ጭብጥ ሙሉ ዘር በመሐረብ ቋጥሬ ተመለስኩ፤ ክፍሉ ባዶ እንደሆነ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቴ ጫፍ ከሻሽቱ ቆዳ ሥር ቀብሬ በምራቄ ለሰንኩት። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጨርቅ ይለብስ ስለነበር ውሃ የሚረጭ ሲጠየቅ እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። "አየሽ፣ እንዲህ ነው ቂም የማይዝ ልጅ" አለኝ መምህሩ። እኔ ጧት ማታ እረጫለሁ፤ ሰብለ እዚያው አጠገቤ ቆማ የምትናገረውን ትሸመድዳለች፤ እኔም በሆዴ "ሸምድጂ፣ ሸምድጂ" እላታለሁ። ዓርብ በእንግዳ ፊት ጨርቁ ሲገለጥ ላሟ ፂም አብቅላ፣ ተተርትራ፣ ሰብለ ዓይኗን ስታፈጥ ይታየኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ያስተማሩን ሂሳብ ምን እንደነበር አላስታውስም፤ ዘር በሙቀትና በእርጥበት ስንት ቀን ውስጥ ብቅ እንደሚል ግን ጥንቅቅ አድርጌ ተማርኩ።

ዓርብ መጣ። መምህሩ ጨርቁን ገለጠው። ሻሽቱ ከሻኛዋ እስከ ጭራዋ አረንጓዴ ሆና ቆማለች። የሰብለ አፍ ተከፍቶ ቀረ፣ የኔም ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ አንድ ሽበታም እንግዳ ብድግ አሉና "አቤት! ፎገራ ማለት እኮ ይቺ ናት! ከብቱም ሩዙም ባንድ ላይ! ሆነ ብለሽ ነው የዘራሽባት ልጄ?" አሏት።

ሰብለም፣ ያቺ ብልጥ፣ አፏን ገጥማ ምራቋን ዋጠችና "አዎ፣ ሆነ ብዬ ነው" አለች።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ዚፕ ያለው አዲስ ቦርሳ ሸለሟት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጄ ዝም ብሎ ተነሳ፣ እጄን ይቁረጠው። ሻሽቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ መስታወት ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ገባች። አምስተኛ ክፍል ሆኜ በመስኮት ባያት ሩዙ ደርቆ፣ አንዱ ቀንዷ ወድቆ ነበር፤ በሌላው ዓመት ጭራሽ የለችም። እኔ ከዚያች ዓርብ በኋላ ጭቃ ነክቼ አላውቅም።

እና ቅዳሜ ለት ሐና ምን ሠርታ ጨረሰች? ላም። አጭር ቀንድ ያላት፣ ሻኛዋ የተስተካከለ ላም። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እስቲ ላሳምርልሽ ብዬ ቀንዷን ብነካው እጄ ላይ ቀረ፤ መልሼ ልሠራው ብታገል በርበሬ የሚመስል ነገር ወጣ። ሐና "አክስቴ፣ ተይው፣ አንቺ አትችይም" ብላ ነጠቀችኝና በሁለት ጣቷ ደህና አድርጋ ሠራችው። ሐና ከተኛች በኋላ እንኳ ላሟን አልተውኳትም፤ እሁድ ሳትነቃ፣ ያጎነቆለ ዘር ከጎረቤት ለምኜ፣ በላሟ ጎን ላይ ፍሬ በፍሬ ስሜን ተከልኩ፦ እናኑ። ዓርብ ሰብለ ጨርቁን ስትገልጥ ስሜ በአረንጓዴ ይቁምባት ብዬ። ሐና ዓይኗን እያሻሸች መጥታ ከጀርባዬ ቆመች፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበች።

"ግን እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። ዘሩን በመርፌ ጫፍ እየለቀምኩ አወጣሁ፣ ጎኗንም ለሰንኩና እንደገና ተከልኩ፦ ሐና። ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ዘር ተረፈኝ።

አንጀቴ ራርቶ እንዳይመስላችሁ። ያቺ ዓይኗን ጨፍና ሻሽቱን የሠራች ልጅ አሁን የለችም፤ ጣቶቿ ከነሙሉ ዕውቀታቸው ያቺ ክፍል ውስጥ ቀርተዋል፣ አባቴ ዛሬ ቢነሳ እኔ ያበላሸሁትን ቀንድ አይቶ ስም የሚሰጠው ነገር አይኖርም። ይህን ለሰብለ ይቅር አልልም። ዓርብ ከሥራ እቀራለሁ፤ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ጨርቁ ሲገለጥ ላሟን ሳይሆን ሰብለን ነው የማየው፣ አረንጓዴውን ስታነብ፣ ከዚያም ቀና ብላ እኔን ስታገኘኝ። ማንም ከመጀመሩ በፊትም በዚያች እጄ፣ ያን ጊዜ ለእሷ ባጨበጨበችው፣ ለሐና አጨበጭባለሁ።