ለጋማ ፍንዳታ ብዬ ሽማግሌ ፊት ቆምኩ

ባለፈው ሰኔ ነው፤ ድሬዳዋ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ ያወጣበት ሰሞን። በሰባ ዓመት ዕድሜዬ በነውር የተከሰስኩት ያኔ ብቻ ስለሆነ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ ሁሉም እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ተሰማ እባላለሁ፤ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ጣሪያዬ ላይ ያለውን ቴሌስኮፕ ግን ከነካሜራው ብቻዬን ነው የገጣጠምኩት። በዚህ ከተማ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

የማሳድደው የጋማ ፍንዳታን ነው። በጣም ሩቅ ያለ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት ለጥቂት ሰከንዶች ኃይለኛ የጋማ ጨረር ይረጫል። አየራችን ጨረሩን ስለማያሳልፈው መጀመሪያ የሚያየው ሳተላይት ነው። ከዚያ የፍንዳታው ፍካት በኤክስሬይ፣ በተራ ብርሃን፣ ሰንብቶም በሬዲዮ ሞገድ ይታያል። ሳተላይቱ ቦታውን ወዲያው ለዓለም ያሳውቃል፤ መልእክቱ እኔም ስልክ ላይ ይገባል። የኔ ድርሻ ተራ ብርሃኑን ፎቶ ማንሳት ነው። ቶሎ ስለሚደበዝዝ መሽቀዳደም ይጠይቃል።

ጎረቤቴ ሀጂ ዩሱፍ ባለሱቅ ነው። ቤተሰቡ ግቢ መተኛት ሲጀምር፣ "ሴቶቻችንን በመነጽር ያያል" ብሎ ከሰሰኝ። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ።

"አቦ ተሰማ፣ አውርደውና እንገላገል" አለኝ አንደኛው።

"ካወረድኩት ሴቶቹን አይቻለሁ ማለት ነው። አላወርድም!"

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ፍንዳታ! ቦታው ደግሞ ልክ ከአናታችን በላይ። ሁሉንም ጥዬ ወደ ጣሪያው ሮጥኩ።

"ሸሸ!" አለ ሀጂ። ተከትለውኝ ወጡ።

ፎቶ አነሳሁና ከዚያው የሰማይ ቦታ የድሮ ፎቶ ጎን አስቀምጬ አንዲት አዲስ ነጥብ አሳየኋቸው።

"ወላሂ የዝንብ ኩስ ነው!" አለ ሀጂ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ።

"ተቀመጡ" አልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ አነሳሁ። ሌሎቹ ኮከቦች እንደነበሩ ናቸው፤ ያቺ ነጥብ ግን ደብዝዛለች።

"ሀጂ፣ ዝንብ ኩሷን እየቀነሰች ትሄዳለች እንዴ?"

አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ "ይሄ ኮከብ መቼ ነው የሞተው?" አለኝ።

"ምናልባት ምድር ሳትፈጠር። ብርሃኑ ገና ዛሬ መድረሱ ነው።"

"አላሁ አክበር" አለ፤ ቀና ብሎም ሰማዩን አየ።

በመጨረሻ ፈረዱ፦ ቴሌስኮፑ ይቆይ፣ በሀጂ በኩል ግን ሸራ ልጋርድ። እምቢ አልኩ። "እኔ የማየው ላይ ነው። የሰጋ ራሱ ይጋርድ!" ሀጂ ለቀናት ሲያጉረመርም ከርሞ ሸራውን በራሱ አጥር ላይ ሰቀለ።

ዛሬም ጠዋት ሳገኘው ፊቱን ያዞርብኛል። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም እለዋለሁ። ደስ አለውም አላለውም፣ ያቺን ነጥብ ከኔ ጣሪያ ላይ ካዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።