ያላመንኩትና የካድኩት

አለማመኔ ከአብዮቱ በፊት የነበረ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ መካኒሳ አቦ ይዛኝ ስትሄድ፣ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆሜ ሌላው ሰው የሚሰማው ነገር እኔም እስኪሰማኝ እጠብቅ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቶቻችን ይሰግዳሉ፣ እኔን እግሬን ያመኛል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ መጠበቁን ተውኩት። በዚህ አዘንኩ አልልም፤ ደስ አለኝም አልልም። ዜማ የማይለይ ጆሮ ያለው ሰው ዘፈን የሚባል ነገር የለም ብሎ አይከራከርም፤ እኔም ከማንም ጋር አልተከራከርኩም። ጾሙን ከእናቴ ጋር እጾም ነበር፤ በቤታችን ሌላ ወጥ አይሠራማ።

ደርግ ከመጣ በኋላ እንደኔ ያለ ሰው ተፈላጊ ሆነ። ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ክፍል እሠራ ነበር። በየሳምንቱ ማሽኖቹ ይቆሙና ለውይይት ክበብ እንሰበሰባለን። አንድ ቀን መድረኩን የሚመራው ሰው፣ ከመካከላችን በአምላክ የማያምን እንዳለ ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። ተጠየቅሁ፣ እውነቱም ያ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ተጨበጨበልኝ። አምላክ አለመኖሩን የተረዳች ንቁ ሠራተኛ ተባልኩ።

«እኔ አላምንም ነው ያልኩት፤ መኖር አለመኖሩንማ አላውቅም» አልኩ።

«ያው ነው ጓዲት» አለኝ ሰውየው፤ «ንቃትሽ ሲጨምር ይጠራልሻል።»

ያው አልነበረም፤ ግን ሰዓቱ አልቆ ወደ ማሽናችን ተመለስን።

ከጎኔ ባለው ማሽን ላይ የምትሠራው ጓደኛዬ ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ነበረች። ጎፋ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ክፍለ ሀገር ነበር። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሷና መሰሎቿ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልያሉ። ስለ ጌታ ልትነግረኝ ሞክራ ሞክራ ደከማት። እኔም ስለ ራሴ ላስረዳት ሞክሬ ደከመኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጇ ጥርስ ማውራት ጀመርንና ተስማማን።

የቀበሌ ስብሰባ ሲያልቅ ሁሉም ተነሥቶ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሣ፣ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» ይላል። እኔ አነሣለሁ፤ ዝንብ ከማባረር የበለጠ አልከበደኝም። እሷ ግን ከሁሉም በላይ የሚባለው አንድ ብቻ ነው ብላ እጇን አጣጥፋ ትቆማለች። ለብዙ ጊዜ ከኋላ እየቆመች አመለጠች። አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር አያትና እዚያው ቀበሌ አሰራት። ልጇ ስምንት ወሯ ነበር።

ሕፃኗን ቀን ቀን እናቴ ትይዛታለች። እኔ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድና አመሻሽ ላይ ስመለስ ከስንቁ ጋር አዝያት ቀበሌ እወስዳታለሁ፤ ጥበቃው ያስገባንና እናቷ ታጠባታለች። በአምስተኛው ቀን ወተቷ መቀነሱን ነገረችኝ።

«በቃ መፈክሩን በይና ውጪ» አልኳት።

«አልልም» አለችኝ፣ ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ያልኳት ይመስል። በጣም ተናደድኩባት።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ሁሉ ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነበር። ዋስ ካገኘች ሊለቃት እንደሚችል ነገረኝ። ዋሱ ግን አማኝ መሆን የለበትም፤ የኔን ነገር ደግሞ ከፋብሪካው ሰምቷል። በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠኝ። አምላክ የሚባል ነገር አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ይህንኑ ለእስረኛዋ ላስተምር ዋስ መሆኔን ይናገራል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺን አረጋግጬ የምትለውን ቢለውጡልኝ» አልኩት። «እንደማላምን እፈርማለሁ። አለመኖሩን ግን እኔ በምን አረጋግጬ?»

«ለማያምን ሰው ልዩነቱ ምንድነው?» አለኝ። የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

ለኔ ልዩነቱ ትልቅ ነበር። በር አንኳኩቶ የሚከፍት አጣሁ ማለትና ቤቱ ባዶ ነው ብሎ መማል አንድ አይደለም፤ እኔ ያንን ቤት ከውጭ ብቻ ነው የማውቀው። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ለአለቃ፣ ለእናቴ፣ ለወንድ። በዚህ ጉዳይ ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እናቴ እያለቀሰች አምናለሁ በይኝ ስትለኝ እንኳን አላልኳትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ሕፃኗ ጡቱን ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትይዛለች። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስለ ወረቀቱ ምንም አልነገርኳትም። ጠዋት ሳልጠራ ሄጄ ፈረምኩ። የመጀመሪያው ማኅተም ስለደበዘዘበት ሊቀመንበሩ ሁለተኛ መታበት።

ከሰዓት በኋላ ለቀቋት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ መንገድ ላይ እኔው ነገርኳት፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል። ፈርቼ ነበር። አንዲት መፈክር አልልም ብላ ታስራ የከረመች ሴት፣ በሷ ምክንያት ከዚያ የባሰ ነገር መፈረሜን ስትሰማ ከዛሬ ወዲያ አታናግረኝም ብዬ ነበር። ቆመች። ልጇን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔን ፈርሚ ቢሉኝ እሞታለሁ እንጂ አልፈርምም ነበር» አለች። «ጌታ ይመስገን፣ አንቺ አታምኚም። ምንም አልከበደሽም።»

ፊቷን አየሁት። ከልቧ ነው፤ ደስ ብሏታል። ያን ጊዜ ቀናሁባት። እሷ የራሷን ቃል እንደያዘች ወጥታለች፤ የኔ ቀበሌው ፋይል ውስጥ ቀርቷል፤ መቅረቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከኔ በቀር የለም።

«ምንም አልከበደኝም» አልኳት።