ሞጣ ላይ ያሳደረችን ሴት

ሰሞኑን የሰፈራችን ወጣቶች ቤቴ መጥተው ነበር። የሸክላ ሠሪ፣ የሸማኔና የቀጥቃጭ ልጆች፣ እንግዲህ እንደ እኛ ሲናቅ የኖረ ሰው ልጆች፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሊማሩ ሲሄዱ እነዚህ ወጣቶች ተሰባስበው ይደግፏቸዋል። «አባባ፣ በእናንተ ጊዜስ ማን ነበር የሚደግፍ?» አሉኝ። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ የማውቀው የወንድሜን መንገድ ነው።

ብቸና ላይ ቀጥቃጮች ነበርን። የአገሩ ማረሻ ሁሉ በአባቴ መዶሻ ያልፋል፤ ቡዳ ናቸው እየተባለ ግን አብሮን የሚቆርስ የለም። እናቶች ሲያዩን ሕፃናታቸውን በነጠላ ይሸፍኑብናል። በጃንሆይ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ታደለ ፈተናውን አልፎ ባሕር ዳር ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ሊማር ሲመረጥ፣ አባታችን በሶ አስይዞን «አድርሰው» አለኝ።

መስከረም ነበር። ጭቃውን እያቦካን፣ ግራ ቀኙ አደይ አበባ ለብሶ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አለፍን። ሞጣ ስንደርስ መኪናው የሚነሣው በማግስቱ ነው ተባለ። ማደሪያ በለመንንበት ሁሉ የማን ልጆች እንደሆንን ይጠይቁናል፤ እውነቱን እንናገራለን፤ በሩ ይዘጋል። በመጨረሻ ታደለ መንገድ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እንመለስ። እዚያም የሚጠብቀኝ ይኸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ከምበላ ወናፌን ብነፋ ይሻለኛል።»

አንድ ቤት ብቻ እንሞክር ብዬ ለመንኩት። እትዬ ጥሩወርቅ የምትባል ጠላ ሻጭ ሕፃን ታቅፋ ደጇ ላይ የበቆሎ እሸት ትጠብስ ነበር። እሷም ጠየቀችን፤ ነገርናት። እሸቱን ገለበጠች። ዞር ልንል ስንል ተነሥታ ሕፃኑን ታደለ እቅፍ ላይ አኖረችው።

«ያዝልኝ እስቲ፣ ወጥ ላውጣ።»

ወንድሜ የጋለ ብረት የታቀፈ ይመስል ክንዱ ደረቀ። ጎረቤቷ በአጥር ብቅ ብላ «አንቺ ሴት፣ ልጅሽን ጠላሽው እንዴ?» አለቻት።

«አርፈሽ ጠላሽን ጥመቂ። እንግዳዬ ነው።»

ሕፃኑ የታደለን አገጭ ይዞ ይስቅ ጀመር። ከእሷና ከልጆቿ ጋር ከአንድ ገበታ ሽሮ በላን። ታደለ እንባው ሲወርድ በርበሬው ነው ብሎ አመካኘ። «እንዲህ የሚያስለቅስ በርበሬ እንኳ ቤቴ የለም» ብላ አጎረሰችው። ጠዋት እኔ ሳልገፋው መኪናው ላይ ወጣ። ተምሮም ለስንቱ ከተማ መብራት ዘረጋ።

ይህን አውርቼ ሳበቃ፣ አብራቸው የመጣችው፣ ዘንድሮ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ልትማር የምትሄደው የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ እዚያ የማውቀው ሰው የለኝም አለች፤ ቀስ ብላ። እዚያ ለምትኖር ልጄ ስልክ አስደወልኩና አንዲት እንግዳ ልልክብሽ ነው አልኳት። እሷም የማን ልጅ እንደሆነች ሳትጠይቀኝ፣ «ምሳ ላይ ትደርሳለች ወይስ እራት?» አለችኝ።

አምላኬን አመሰገንኩ። አንድ ሰው አንድ ቀን ያቀረበው ገበታ ስንት ዘመን ያበላል መሰላችሁ።