ሦስት ስንዝር ከጋት የሚሰፋ በር

በሕይወቴ የሄድኩባቸው መንገዶች ሁሉ ለመዳን ነበሩ። ወይ ጠበል፣ ወይ ሆስፒታል። እግሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም። ተሽከርካሪ ወንበር ከማግኘቴ በፊት፣ ስማዳ ገጠር ሳለን፣ እናቴ አዝላኝ ያልወጣችው ዳገት፣ እኔም ያልተጠመቅኩበት ጠበል የለም። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ዓመት ታዲያ አንድ ነገር ክፉኛ አማረኝ። ሳልታመም፣ ልዳንም ሳልል፣ ባህር ዳር ሄጄ ሦስት ቀን ሐይቁ ዳር መቀመጥ።

ሐይቁን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከመናኸሪያ ወደ ሆስፒታል አዝላኝ ስትጣደፍ፣ በሁለት ዛፎች መካከል ውሃው ብልጭ አለ። «እማዬ፣ ቁሚ» አልኳት። «ሐኪሙ ይወጣብናል» ብላኝ አለፈች። ሐኪሙ ምን እንዳለን አሁን አላስታውስም። ውሃውን ግን እስከ ዛሬ አይቼ አልጨረስኩትም።

ሐሳቤን የሰማ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛው ጠበል?» ጠበል አይደለም፣ ልዝናና ነው ስላቸው ያዝኑልኛል፤ ተስፋ የቆረጥኩ ይመስላቸዋል። ከሁሉም የባሰችው እናቴ ናት።

«ሄደሽ ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«ልቀመጥ።»

«ልትቀመጪ? እዚህስ ቆመሽ ነው እንዴ?»

በሳቅ ፈረስኩ። ቆይቼ ደግሞ ተናደድኩ።

በስልኬ ሆቴል መፈለግ ጀመርኩ። ፎቶ የሚያነሱት የግቢውን አበባና አልጋው ላይ አሳምረው ያጠፉትን ፎጣ ነው፤ ደረጃቸውን የሚያነሳ የለም። ፎቶውን እያሰፋሁ ከአበባው ጀርባ ደረጃ ስቆጥር ዓይኔ ጠፋ። ስለዚህ መደወል ግድ ሆነ።

«ደረጃ አላችሁ?»

«ኧረ የለንም!»

«ምንም?»

«ምንም። መግቢያው ላይ ካሉት ከአራቱ በቀር።»

ሦስት ሆቴል ደወልኩ፤ ሦስቱም መጨረሻቸው አንድ ነበር። «ችግር የለም፣ ይምጡ ብቻ፣ ሰው አለ።» አንዱማ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው አይደል?» ብሎ መከረኝ። ክፋት የለባቸውም። በአገራችን ሰው አለ ከተባለ ሁሉ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ግን መድኃኒት አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት በር ነው። ተሸክሞ የሚያስገባ ሰው የሚያስወጣው እሱ ሲመቸው ነው። ደግሞም እንሸከምዎታለን ሲሉኝ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእናቴ ትንፋሽ ነው። የስማዳን ዳገት ስትወጣ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ ደረቷ ሲያፏጭ እሰማ ነበር። «ልውረድልሽ?» እላታለሁ። ወርጄ የት እንደምሄድ እንጃ። ለአንድ ጊዜ እንኳ፣ ማንም በኔ ምክንያት ሳያለከልክ አንድ ቦታ መድረስ ናፈቀኝ።

አራተኛው ሆቴል ላይ ስልኩን ያነሳችው ሴት ከሌሎቹ ተለየችብኝ። መግቢያቸው ደረጃ እንደሌለው፣ ከዚያም እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ መንገዱ ለጥ ያለ ንጣፍ እንደሆነ ነገረችኝ። «የመታጠቢያ ቤቱ በርስ ስፋቱ ምን ያህል ነው?» አልኳት። ሌሎቹ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር። እሷ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብላ ሄደች፤ ኮቴዋ ሲርቅና ሲመለስ ሰማሁ። «ሦስት ስንዝር ከጋት» አለችኝ። ሜትር አጥታ በእጇ ለክታው ነው።

ስልኩን ዘግቼ የራሴን ስንዝር ሜትሬ ላይ ዘረጋሁ። ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር። ሦስት ጊዜ አድርጌ ጋቱን ስጨምርበት ሰባ አንድ መጣ። ወንበሬ ስልሳ አራት ነው። እልል አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቤ በዚያ በር ስገባ ስወጣ ሰነበትኩ። ወንበሬ መኪናው ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሲታሰር እንዳይፋቅ ከጆንያ ልብስ ሰፋሁለት። ሰው በስንዝር ለክቶ ጨርቅ ሲያመጣልኝ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ የሰው እጅ ልኩ ይለያያል እያልኩ። ናፍቆት ግን ሙያን ያስረሳል።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ራሷ ደወለች። ለሥራ ከመጣ አናጺ ሜትር ተውሳ ደግማ ለክታዋለች። «ስልሳ አንድ ነው፣ እኅቴ» አለች። እጇ ትንሽ ኖሯል። «ግን እኮ ሰው...» ብላ ጀመረችና ራሷ አቋረጠችው። ለዚያ ወደድኳት።

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። «ለሦስት ሳንቲ ሜትር! ለሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ!» እያልኩ ጮህኩባት፣ እሷ በሩን የሠራችው ይመስል። ሸክም መሆን መረረኝ፣ አንቺንም በቁምሽ ጨረስኩሽ አልኳት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ማን ሸክም ነሽ አለሽ? እኔ ብዬሻለሁ?»

«ትንፋሽሽን እሰማው ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«ዳገት አይደል? ባዶዬንም ብሄድ ያስተነፍሰኛል» አለች። ከዚያ አቀርቅራ ምስሩን በጣቷ መግፋት ያዘች። «ይልቅስ ይኼ ወንበር ከመጣ ወዲህ አንገቴን ያቀፈኝ የለም።»

አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ወንበሩ የመጣ ዕለት እኔ እልል ስል እሷም እልል ብላለች። ከጀርባዋ ላይ ምን እንደወረደ እንጂ ምን እንደጎደለ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ወንበሬን ገፍቼ አጠገቧ ደረስኩና አንገቷን አቀፍኩ። ከስታለች። ሁለታችንም አለቀስን፣ ምስሩም ተደፋ።

በማግሥቱ ደውዬ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዝኩ። ውሃው ዳር በራሴ ጎማ እደርሳለሁ፤ ይህን አልተውኩም። እዚያም ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ እሷ ራቅ ብላ ትጠብቀኛለች፣ እያጉረመረመችም ቢሆን ተስማምታለች። ለመታጠቢያ ቤቱ በር ግን፣ ለአራት እርምጃ ያህል፣ እናቴ ታዝለኛለች።

ይህን ከተስማማን ስድስት ወር አለፈን። ወደ ባህር ዳር የምናልፍበት የደብረ ታቦር መኪና አንድ ሳምንት ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ይቆማል። መንገዱ ሰላም ነው ሲሉን ሻንጣ እናወጣለን፣ ተዘጋ ሲሉን እንመልሳለን። የሆቴሏ ሴት በደወልኩ ቁጥር «ክፍሉ የእርስዎ ነው» ትለኛለች። እናቴ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ይዛ ቁጭ ብድግ ትላለች። መጀመሪያ ስግደት መስሎኝ ነበር፤ ብጠይቃት «ጉልበቴን እያለማመድኩት ነው» አለችኝ። ትናንት ሦስተኛው ላይ መነሣት አቃታት። እያየኋት እንዳላየሁ ሆኜ ስፌቴን ቀጠልኩ።