ከራሴ ያወጣሁት ፊት

አምቦ ላይ የሕክምና ሥዕል እሠራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ እጄን ለመጨበጥ ያመነታል። ጎረቤቶቼ «የሬሳ ሠዓሊዋ» ይሉኛል። ስሙን አልወደውም። ሥነ ጥበብ ተምሬ ስመለስ የሆቴል ግድግዳ ላይ ፏፏቴ ከመሳል ይሻለኛል ብዬ ነው የገባሁበት። በከተማው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ወጣት የአናቶሚ መምህር ለተማሪዎቹ የአንገት ጡንቻዎችን ከአስከሬን እያየሁ እንድሥል አዘዘኝ።

አስከሬን ክፍሉ አንድ ደንብ አለው፤ ፊት አይገለጥም። ጠባቂው በነጭ ጨርቅ አጥብቆ ይሸፍነዋል፣ ራሱም አያየውም። እኔም ከአገጭ በታች ያለውን ብቻ ሣልኩ። መምህሩ ግን ጭንቅላት የሌለው አንገት ተማሪ ያስደነግጣል፣ ፊቱን ከራስሽ ፍጠሪለት አለኝ። ቀጠን ያለ አፍንጫ አወጣሁለት፣ የግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳም ጨመርኩ። ጠባሳውን ለምን እንዳስገባሁ እንጃ፤ እጄ ዝም ብሎ ሄደ።

ሥዕሉ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ። ከግንጪ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች ሴት ፊት ለፊቱ ቆማ ቀረች። ማን ሣለው ብላ ስትጠይቅ እኔን አስጠሩኝ።

«ኦቦሌሳ ኮ!» አለች በኦሮምኛ፤ ቀጥላም «ወንድሜ ነው» አለችኝ።

ወንድሟ ለቀን ሥራ እንደወጣ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ሞቱ ስላልተረጋገጠ ለቅሶ አልተቀመጡለትም፤ እናታቸው ዛሬም በሩ አይቆለፍ ትላለች። ሴትየዋ የፈለገችው አስከሬን ክፍሉ ውስጥ የተኛው እሱ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ብቻ ነበር። ፊቱን ከራሴ እንዳወጣሁት ነገርኳት።

«ጠባሳውንም?» አለችኝ።

መምህሩን ልጠራው ሄድኩ።

መምህሩ ፈቀደ፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንቺ እዪልኝ አለችኝ። እኔ ገባሁላት። ጠባቂው ፊቱን አዙሮ ጨርቁን ገለጠው። የተኛው ፊተ ሰፊ፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነበር። ወጥቼ እሱ አይደለም አልኳት። እፎይ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እንግዲያው በሕይወት አለ። የት እንዳየሽው አስታውሺ።»

አላየሁትም ብላት አላምን አለች። ከዚያ ወዲህ የግንጪ ገበያ በዋለ ቁጥር ትደውላለች፤ አስታወስሽ ወይ ትለኛለች። እሷንም ራሴንም ፈራሁ። ያ ፊት አሁን አሁን ብቻውን አይመጣልኝም፤ ከኋላው አቧራ አለ፣ የሚጮህ ረዳት አለ፣ የሚኒባስ መስኮት አለ። ትዝታ ይሁን የራሴ ፈጠራ መለየት አቅቶኛል። ባለፈው ስትደውል ሳላስበው «ጉደር መናኸሪያ» አልኳት። ስልኩን እንኳ ሳትዘጋው ጫማዬን አቀብሉኝ ስትል ሰማኋት።